ጥፋቱ የምጣዱ አልነበረም

(ከአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ)



ለመጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሳነቴ ውበት ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ስለ ሳነቴ ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ጽፈዋል፤ ተራራውም ቢሆን የእኔን ምስጋና አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህ ዓመት በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነገር ለመናገር ቆረጥሁ። ታሪኩ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፥ ስለ ሃያ ቮልትና ስለ አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የማን እንደ ነበረ ወደ መጨረሻው ይገለጻል፤ አንባቢ እስከዚያው ድረስ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

የምንኖረው ጎባ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች፥ በጠዋት እሳት ወይም ትኩስ ነገር የማይወድ ሰው በመካከላችን የለም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ እኔንና ታናሽ እኅቴን የምታሳድገን እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው። በሳምንት አራት ቀን፥ በእያንዳንዱም ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ትጋግራለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሆን፥ ደብተሬም፥ የእኅቴም ጫማ፥ የቤታችንም ኪራይ ከዚያች ምጣድ ላይ ይወጣሉ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ምጣዱ ሰነፈ። አስቀድሞ ሊጡ እንደ ፈሰሰ ወዲያው ዓይን ያወጣ የነበረው እንጀራ፥ አሁን አክንባሎው ተከድኖበት ብዙ ቆይቶ እንኳ ዓይኑ ሳይወጣ እንደ ቂጣ ደፍኖ ይቀር ጀመር። እናቴ በመጀመሪያ ጥፋቱን በራስዋ ላይ ፈለገች፤ አብሲቱን ለወጠች፥ ሊጡን አቀጠነች፥ ምጣዱን በጎመን ዘር ደጋግማ አሰሰች። ለውጥ አልመጣም። ከደንበኞቿም አንዱ፦ «እንጀራሽ እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ግማሹን መለሰባት። ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም።

ምጣድ ጠጋኝ ተጠራ። እርሱም ከሸክላው በታች ያለውን የሚግል ሽቦ፥ በተለምዶ ሬዚስታንስ የሚባለውን ማለት ነው፥ አውጥቶ በአዲስ ለወጠው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ለሁለት ሳምንት የተሻለው መሰለን፤ በእውነቱ ግን የተሻለን ተስፋችን ብቻ ነበር። እንደገና ተጠራ፤ እንደገና ለወጠ፤ እንደገና ተከፈለው። በሦስተኛው ጊዜ እንዲህ አለ፦ «እንግዲህ የቀረው መላ አንድ ነው። ሽቦውን ከጫፉ ቆርጬ ላሳጥረው። ሽቦ ሲያጥር የበለጠ ይግላል።» ለቅዳሜ ተቀጠረ። እናቴም፦ «ይህ ካልሆነ ወደ እንጨት እመለሳለሁ» አለች። ወደ እንጨት መመለስ ማለት ለእርስዋ ጭስ፥ ለእኔ ደግሞ በጠዋት ከክፍል እየቀረሁ እንጨት መፈለግ ማለት መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን አልተናገርነውም።

በዚያው ሳምንት በፊዚክስ ክፍል ስለ ኤሌክትሪክ እንማር ነበር። አስተማሪያችን በሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጻፉ፤ ቮልት፥ አምፔር፥ ኦም። ከዚያም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። «ቮልት ማለት ውሃን ቁልቁል እንደሚነዳው ከፍታ ያለ ግፊት ነው። አምፔር የሚወርደው የውሃ ብዛት ነው፤ ይኸውም ከረንት የምንለው ነው። ኦም ደግሞ በመንገዱ ላይ የተደቀነው እንቅፋት መለኪያ ነው። እንቅፋቱንም ሬዚስታንስ እንለዋለን።» እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ራሴን ቀና አደረግሁ። ምጣድ ጠጋኙ ሬዚስታንስ የሚለው በእጁ የሚይዘውን ሽቦ ነው፤ አስተማሪያችን ግን ሬዚስታንስ የሚሉት በቁጥር የሚነገረውን የዚያን ሽቦ ጠባይ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

አስተማሪያችን ሕጉን ስላገኘው ሰውም ነገሩን። ጌዖርግ ሲሞን ኦም የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1789 ኤርላንገን በተባለች ከተማ ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ተወለደ። አባቱ ራሱ ሒሳብ አስተማረው። ካደገም በኋላ ኮሎኝ በተባለችው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ለመሞከሪያው የሚሆነውን መሣሪያ አብዛኛውን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። የጊዜው ባትሪ ኀይሉ አልረጋ ቢለው፥ ከሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት መጋጠሚያ አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውሃ፥ ሌላውን በበረዶ አድርጎ የማይዋዥቅ ግፊት አገኘ። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1827 አሳተመ። ወዲያው ያመሰገነው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሥራውንም ለቀቀ። ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1841፥ የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊን ሜዳይ ሰጠው። እንግዲህ ዛሬ መላው ዓለም የእንቅፋትን መለኪያ በስሙ የሚጠራለት ይህ ሰው፥ እንደ እኛ አስተማሪዎች ጠመኔ የያዘ ሰው ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። ሬዚስታንስን ለማወቅ ቮልቱን ለአምፔሩ ማካፈል ነው። ኀይልን፥ ማለትም በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚሠራውን ሥራ በዋት ለማወቅ ደግሞ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው። አንዱ ማካፈል፥ ሌላው ማባዛት፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ በሦስተኛ ክፍልም አልነበረም።

ያን ቀን ማታ በባትሪ ብርሃን ከምጣዱ ጎን ተንበርክኬ በቆርቆሮዋ ላይ የተጻፈውን አነበብሁ። «220 ቮልት፥ 3500 ዋት» ይላል። 3500ን ለ220 ባካፍለው 15.9 አምፔር ሆነ። 220ን ለ15.9 ባካፍለው 13.8 ኦም ሆነ። እንግዲህ የእናቴ ምጣድ ጤነኛ ከሆነ እንቅፋቱ 13.8 ኦም መሆን አለበት ማለት ነው። ይህን በደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

በማግስቱ ለአስተማሪዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። አንድ ግራ ያጋባኝንም ጉዳይ ጠየቅሁ። «ጋሼ፥ በአንዱ ደንብ ኀይል ማለት ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ ሬዚስታንስ ሲያንስ ሙቀት ይበዛል። በሌላው ደንብ ደግሞ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንስ ሲባዛ ነው፤ እንግዲያው ሬዚስታንስ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል። የትኛው ነው የሚዋሸው?» እርሳቸውም ሣቅ ብለው፦ «ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። አንተ ግን ጥያቄውን በግማሽ ነው የጠየቅኸው። ሬዚስታንሱ ሲለወጥ የማይለወጠው ምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። ግፊቱ የማይለወጥ ከሆነ የመጀመሪያው ይፈርዳል። በአንድ መስመር ተከታትለው ለተቀመጡና አንድ ከረንት ለሚያልፍባቸው ነገሮች ግን ሁለተኛው ይፈርዳል» አሉኝ። ይህ አነጋገር በኋላ እንዴት እንደሚጠቅመኝ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ አስተማሪያችን የቮልት መለኪያውንና እንደ ጉጠት ተከፍቶ ሽቦ የሚያቅፈውን የአምፔር መለኪያ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። እናቴ ቡና ለማፍላት ብትነሣ፦ «እትዬ፥ ቡናው ይቆየን፤ አስቀድሞ ምጣዱን ይጣዱልን» አሉ። እርስዋም ጣደች። ወደ ቆጣሪውም ሆነ ወደ ተገለጠ ሽቦ እንዳልጠጋ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ እጃቸውን የሚሰዱት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሽፋን ያለውን የምጣዱን ገመድ በመለኪያው እንዳቅፍ ግን ፈቀዱልኝ። እኔም በታላቅ ኩራት ገመዱን እንዳለ አቀፍሁት። መለኪያው ዜሮ አለ።

ምጣዱ እየጋለ፥ ሊጡ እየተንጫጫ፥ መለኪያው ዜሮ! እናቴ ከሊጡ ቀና ብላ፦ «እንግዲህ ይህ መሣሪያችሁ እኔ የምጋግረው በምን ነው ይላል? በጸሎት ነው?» ብላ አሳቀችን። አስተማሪዬ ግን መልሱን አልነገሩኝም፤ እንዳስብ ተዉኝ። ጥቂት ቆይቶ ገባኝ። በገመዱ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ በአንዱ የሚሄደው ከረንት በሌላው ይመለሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ያቀፈ መለኪያ ሄያጁና ተመላሹ ስለሚጣፉበት ምንም አያይም። አስተማሪያችን ብሬከሩን አጥፍተው ሁለቱን ሽቦዎች ለያዩ፤ መልሰው ካበሩ በኋላ አንዱን ብቻ አቀፍን። 13.9 አምፔር። የቮልት መለኪያው ደግሞ በምጣዱ ሶኬት ላይ 192 ቮልት አሳየ።

ወዲያው ሒሳቡን በቡና ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጬ ሠራሁ። 192 ለ13.9 ሲካፈል 13.8 ኦም! በቆርቆሮዋ ላይ ካለው ጽሑፍ ያገኘሁት ቁጥር ራሱ መጣ። ጓደኞቼ፥ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሁለት ጊዜ የተከሰሰውና ሁለት ጊዜ የተቀጣው ምጣድ በቁጥር ምስክርነት ነጻ ወጣ። ሽቦው አላረጀም፤ አልተበላሸም፤ መሆን የሚገባውን ነበር።

ታዲያ ለምን ሰነፈ? 192ን በ13.9 ባባዛው 2,669 ዋት ሆነ። ምጣዱ 3500 ዋት ሊበላ ሲገባው የሚቀርብለት 2,669 ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ቮልቱ ከ220 ወደ 192 የቀነሰው በመቶ 13 ያህል ብቻ ነው፤ ኀይሉ ግን በመቶ 24 ያህል ቀነሰ። ምክንያቱም ግፊቱ ሲያንስ የሚያልፈው ከረንትም አብሮ ስለሚያንስ፥ ጉድለቱ በአንድ ሳይሆን በሁለት ወገን ይመጣል። እናቴ «ትንሽ ሰነፈ» ትል የነበረው ምጣድ ከዕለት ቀለቡ ሩብ ያህሉን እየተቀማ ነበር።

አስተማሪያችን ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደው ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ሶኬት ለኩ። ምጣዱ እየሠራ 212 ቮልት አለ። ወደ እኔ ዘወር ብለው እንዲህ አሉ። «እዚህ 212፤ ማድቤት 192። ሃያ ቮልት በመንገድ ቀረ። ኀይል ደግሞ እንዲሁ አይጠፋም። ወዴት ሄደ?»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። 20ን በ13.9 ብናባዛው 278 ዋት ነው። ይህ 278 ዋት በቆጣሪያችን ተቆጥሮ፥ ሒሳቡ ተከፍሎበት፥ እንጀራ ሳይጋግር በቤታችን ውስጥ አንድ ቦታ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እናቴ በሳምንት 12 ሰዓት ስለምትጋግር፥ በየሳምንቱ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ለማናውቀው እንግዳ እንመግብ ነበር ማለት ነው።

«ሽቦው ቀጭን ስለ ሆነ ይሆናል» አልሁ። «ይሆናል፤ በግምት ግን አንሄድም፤ አስላው» አሉኝ። ከቆጣሪው እስከ ማድቤት 25 ሜትር ነው፤ ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 50 ሜትር ነው። ሽቦው መዳብ ሲሆን ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 0.0172 ኦም ያህል እንቅፋት አለው። ይህን በ50 አባዝተን ለ1.5 ብናካፍል 0.57 ኦም ይመጣል። በ13.9 ሲባዛ ወደ 8 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ከጠፋው 20 ቮልት ሽቦው ራሱ የሚጠየቅበት 8ቱን ብቻ ነው። 12ቱስ?

12ን በ13.9 ብናባዛው 167 ዋት ነው። በሽቦው የሚባክነው ሙቀት በ50 ሜትር ላይ ስለሚሰራጭ በአንድ ቦታ ብዙ አይጎዳም። ይህ 167 ዋት ግን በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ ከሆነ፥ በድሮው ጊዜ ይሠራባቸው ከነበሩት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ጠቅልሎ ሦስት ሰዓት ከማብራት ይከፋል። አስተማሪያችን ሒሳቡን አይተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፦ «በዚህ መስመር ላይ መጋጠሚያ አለ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

አንባብያን ሆይ፥ አስቀድሜ ቃል እንደ ገባሁት ስሕተቱ የማን እንደ ነበረ የምናገርበት ቦታ ይህ ነው።

መጋጠሚያው ነበረ። የሠራሁትም እኔ ነኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ማድቤቱ ወደ ጓሮ ሲዛወር ሽቦው አልደርስ ቢል፥ ከአሮጌ ሽቦ ቁራጭ ቀጥዬ፥ ጫፎቹን በጣቴ ጠምዝዤ፥ በፌስታል ጠቅልዬ፥ ከኮርኒሱ በላይ ደበቅሁት። ጎረቤቶች «የኤሌክትሪክ ዐዋቂ» ብለው አሞገሱኝ፤ እናቴም መረቀችኝ። መጋጠሚያው ያለበትም ቦታ ታናሽ እኅቴ ከምትተኛበት አልጋ በላይ ነበር።

አፌ ደረቀ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል ብዬ ያመነታሁት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ያች ትንፋሽ ግን ረጅም ነበረች። ከዚያም «አለ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» አልሁ። እናቴ ሲኒ ይዛ ቆመች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

አስተማሪያችን ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጠፉ፤ መጥፋቱንም በመለኪያው አረጋገጡ። ሙያው ያለው አንድ ጎረቤታችን መሰላል ይዞ መጣና ኮርኒሱን ገለጠ። ፌስታሉ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ነበር። መዳቡ ቀለሙን ለውጦ ጠቁሯል። ከአጠገቡ ያለው የጽድ ማገር መዳፍ በሚያህል ቦታ ከስሎ ነበር። ጽድ እንዴት ፈጥኖ እንደሚነድ የባሌ ሰው ሁሉ ያውቃል። እናቴ ወደ ላይ አየች፤ ከዚያም ወደ አልጋው አየች፤ ከዚያም እኅቴን አቅፋ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ለምን ፊውዙ አላዳነንም ብዬ ጠየቅሁ። አስተማሪያችንም፦ «ፊውዝ የሚያየው ከረንትን ብቻ ነው፤ ሙቀቱ በየት እንደሚገኝ አያይም። መጥፎ መጋጠሚያ ደግሞ እንቅፋት ስለሚጨምር ከረንቱን ይቀንሰዋል። ምጣዳችሁ ጤነኛ መስመር ቢያገኝ 15.9 ይስብ ነበር፤ አሁን የሚስበው 13.9 ነው። ፊውዙ ይህን ሲያይ ሁሉም ሰላም ነው ይላል» አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን ማታ ብቻዬን የሠራሁት ሒሳብ ነው። ምጣድ ጠጋኙ ቅዳሜ ሽቦውን ቢያሳጥረውስ? እንቅፋቱ ከ13.8 ወደ 11 ኦም ቢወርድ፥ የመስመሩን 1.44 ኦም ጨምረን በድምሩ 12.44 ይሆናል። 212 ለዚህ ሲካፈል 17 አምፔር ነው። መጋጠሚያው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ተከታትሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ የሚፈርድበት ሁለተኛው ደንብ ነው፤ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በእንቅፋቱ ይባዛል። 12 ለ13.9 ስናካፍል የመጋጠሚያው እንቅፋት 0.86 ኦም ነው። 17 በ17፥ በ0.86 ሲባዛ 249 ዋት ሆነ። ጠጋኙ እውነቱን ነበር፤ ምጣዱ የበለጠ ይግል ነበር። ነገር ግን ከምጣዱ ይልቅ የእኅቴ ኮርኒስ ይግል ነበር። እርሱ ተንኰለኛ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሠራ። ያልሠራው ነገር ቢኖር መለካት ብቻ ነው። እኔም ከእርሱ አልሻልም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጄ ሥራ ሥር እየተመላለስሁ ቀና ብዬ አላየሁም።

እናቴ ለሦስተኛው ጥገና ያስቀመጠችውን ገንዘብ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ጠዋት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሮቤ ወርጄ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ያለ አንዳች ቅጥያ ገዛሁ። መስመሩን የዘረጋው ያው ሙያተኛ ጎረቤታችን ነው፤ እኔ መሰላል ያዝሁ። ከዚያም አስተማሪያችን እንደገና ለኩ። በቆጣሪው አጠገብ 212፤ በምጣዱ 209 ቮልት፤ ከረንቱ 15.1 አምፔር። ኀይሉ 3,156 ዋት። በመንገድ የሚቀረው 3 ቮልት፥ ማለትም 45 ዋት ብቻ ሆነ፤ እርሱም በጠቅላላው ገመድ ላይ ተሰራጭቶ ነው። 209ን ለ15.1 ባካፍለው አሁንም 13.8 መጣ። ምጣዱ ያው ምጣድ ነው፤ ቃሉንም አልለወጠም።

እናቴ የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ በሰፌድ ላይ ዘረጋችው። ዓይኑ እንደ ማር ሰፈፍ ነበር። በብርሃኑ ፊት ከፍ አድርጋ ካየችው በኋላ ለአስተማሪያችን፦ «መምህር፥ ልጄ ዕውቀቱን ከእርስዎ አገኘ» አለች። እርሳቸውም፦ «እትዬ፥ ማካፈልና ማባዛቱን ከእኔ አገኘ። 'እኔ ነኝ የሠራሁት' ማለቱን ግን ከእርስዎ ነው ያገኘው» ብለው መለሱ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። መጋጠሚያውን በሠራሁ ቀን ተመስግኜ ስለ ነበር፥ ምስጋና ምን ያህል እንደሚያሳውር አውቄዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሮቤ ስሄድ ከመንገዱ ዳር የሚታዩትን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በሌላ ዓይን አያቸዋለሁ። ከእኛ ደጋ የሚመነጨው ዋቤ ሸበሌ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ኀይል ማመንጫ 153 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችል ነው። ይህም በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ እንደ እናቴ ያሉ 43,700 ያህል ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ያግላል። ይህን ሁሉ ኀይል በቤታችን ግፊት፥ በ220 ቮልት፥ ልላክ ቢባል ምን ይሆናል? ለቀላል ሒሳብ አንድ ሜጋዋት ብቻ እንውሰድ። በ220 ቮልት 4,545 አምፔር ይሆናል፤ በአገራችን ካሉት መስመሮች አንዱ በሚሠራበት በ132,000 ቮልት ግን 7.6 አምፔር ብቻ ነው። ከረንቱ 600 ጊዜ ሲያንስ፥ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት 600 በ600፥ ማለትም 360,000 ጊዜ ያንሳል። እነዚያ ረጃጅም ምሰሶዎች ሽቦውን ያን ያህል ከፍ አድርገው የተሸከሙት፥ የኛን ቤት ችግር አስቀድሞ ያሰበ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ጓደኞቼ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ብትወስዱልኝ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ በቤታችሁ ምጣድ ሲጣድ መብራት ቢደበዝዝ፥ ሶኬት ቢግል፥ የፕላስቲክ ሽታ ቢሸት፥ «ኤሌክትሪኩ ደከመ» ብላችሁ አትለፉ። የደከመ የሚመስለው ኀይል በአንድ ስውር ቦታ ጠንክሮ እየሠራ ሊሆን ይችላልና። ሽቦውን ግን ራሳችሁ አትንኩ፤ ባለሙያ ጥሩ። የእኔ ድፍረት ምን እንዳመጣ አይታችኋል።

ሁለተኛው ደግሞ ስለ ትምህርታችን ነው። «ይህ ደንብ የት ይጠቅመናል?» ብለን በክፍል ውስጥ ስናጉረመርም እኔም አንዱ ነበርሁ። አሁን ግን ማካፈልና ማባዛት አንድን ንጹሕ ምጣድ ከክስ ነጻ እንዳወጡ፥ አጥፊውንም ከኮርኒስ በላይ ፈልገው እንዳገኙ አይቻለሁ። ቁጥር ለማንም አያዳላም፤ ለለካው ባለቤት ራሱ እንኳ።

ያን የከሰለ ማገር አልጣልነውም። ጎረቤታችን ቆርጦ ካወጣው በኋላ እናቴ አጥባ፥ በማድቤቱ በር አጠገብ ሰቀለችው። ለምን እንደ ሰቀለችው አልጠየቅኋትም። በየጠዋቱ ደብተሬን ይዤ ስወጣ ግን ሳላየው አላልፍም።